ቤት መምታት

ቲቸር ጦይባ ረቡዕ ረቡዕ ትመጣለች፣
ዐሥራ አራት እስክሪብቶ ቆጥራ ታድላለች፣
ዐሥራ አራት ቆጥራ ትረከባለች።
አንድ የጎደለ ’ለት ማንም አይወጣም፣
የጦሳ ጉም ብቻ ፈቃድ አይጠይቅም፤
በአጥሩ ሾልኮ ይገባል፣ ከሰሌዳው ሥር ይቀመጣል፣
ስሙን አያስመዘግብም።

የመጀመሪያው ቀን
«ግጥም ቤት ይመታል» ስትለን
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ሙህዬ እጁን አውጥቶ፣ ከወንበሩ ተነሣ፦
«ቲቸር፣ መስበሩን ለምደነው የለም እንዴ?
መምታቱ ምን ያቅተናል!»
እሷም ሳቀች፣ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ወለወለች፣
«ሰባሪ አያንኳኳም፤ ቤት የሚመታ ግን
የመጨረሻዋን ፊደል ያንኳኳል» አለች፣
«እስኪከፈት።»

ማታ ቆጠራ ነው፤ በሁለት ረድፍ ቁጭ።
የደሴ ብርድ ከሲሚንቶው ወደ አጥንት ቅልጭ።
እኔ በብርድ ልብሱ ሥር ጣቴን እያጠፍኩ፣
ስድስት ቀለም፣ ደግሞ ስድስት እየለካሁ
ተራዬ ደረሰ። ሃያ ሦስት ነኝ።
«ስድስት!» ብዬ ጮህኩ።
ስልሳ ሰው በእኔ ስንኝ ምክንያት እየተንቀጠቀጠ
እንደገና ከአንድ ተቆጠረ።
ሙህዬ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

የጻፍኩት ይህ ነው፦

ሰኞ ገበያ ማዶ አረንጓዴ በር፣
ከጣራው አንድ ቆርቆሮ ላላ ብሎ ነበር።
ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ሲደልቅ፣
ኮቴዬን ሲውጥልኝ፣ ከእኔ ጋር ሲሰርቅ፣
ወረድኩ በቁምሳጥኑ፣ በእግሬ ጣት ቆሜ፣
ስልክ ከነቻርጀሩ፣ የእጅ ሰዓት ለቅሜ፣
ዞር ስል ከአልጋው ጠርዝ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት፣
ዐይኗን የምታሽ ልጅ፣ እንቅልፍ ያልለቀቃት፣
አልጮኸች፣ አልሸሸች፣ አየችኝ በዝምታ፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ቤት ሰላምታ፦
«አባዬ፣ መጣህ?»

እዚህ ቆምኩ። አራት ረቡዕ።
ቃልማ ሞልቷል፤ «አጣህ» አለ፣ «ቀጣህ» አለ፣
ከነጋዴው ሰፈር «አመጣህ» አለ፣
አንዱም ከፍቶ አላስገባኝም።
ለቲቸር ጦይባ አሳየኋት።
የእስክሪብቶዋን ክዳን ነከሰች፣ ደግማ አነበበች፣
«ይቺን መስመር ተዋት» አለች፣
«ቤት አትምታ። ያ ቤት አንዴ ተመትቷል።»

ግን ወረቀት ሁሉ በአሥር አለቃ አሊጋዝ እጅ ያልፋል፤
የአጥር ካርታ፣ የተደበቀ ቁጥር ይፈልጋል፣
ወደ አምፖሉ አንሥቶ ያያል፣ እንደ በርበሬ ያሸታል፣
ከዚያ በወይን ጠጅ ቀለም
«ታይቷል» የሚል ማኅተም ይመታል።
የሙህዬን የእናቱን ደብዳቤ መታው፣
የአንዱን የኳስ ቡድን ዝርዝር መታው፣
የእኔ ላይ ሲደርስ ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ።

«ከዚያስ?»
«ከዚያማ በመጣሁበት ወጣሁ።»
«ልጅቷን ነው የምልህ። ምን አልካት?»

ፖሊስ ይህን አልጠየቀኝም።
ዳኛው ስለ ሰዓቱ ዋጋ ነበር የጠየቁት።
የኮሪደሩን አምፖል አየሁ፣ ጫማውን አየሁ፣
ክሩ በአንድ በኩል የተፈታ።
«‹አዎ፣ ተኚ› አልኳት።»
«እሷስ?»
«ተኛች።»

አሥር አለቃው ማኅተሙን በሱሪው ጠረገ፣
ክዳኑን ገጠመ።
ወረቀቱን ሳይመታው መለሰልኝ፣
«ይህ አላለቀም» ብሎ፣
ወደሚቀጥለው ሄደ።

ረቡዕ ገና አራት ቀን ይቀረዋል፤ እስክሪብቶ የለኝም።
እንዳትጠፋብኝ በአፌ ይዣታለሁ፣
«አዎ፣ ተኚ»፣
ሁለት ቃል፣ አራት ቀለም፣ ከምንም ጋር የማትገጥም።
ማታ በቆጠራ ተራዬ ሲደርስ
«ሃያ ሦስት» አልኩ፣
አፌን ብዙም ሳልከፍት።